ያውቁ ኖሯል? የደገኛው ደም ሥርና ቡናማው ስብ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር ተነስተው በኮሶዬ በኩል ወደ ደባርቅ ሲጓዙ፣ በወገራ ወረዳዋ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው እንደሚቆሙ ያውቁ ኖሯል? እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኦክስጅን ድርሻ አልቀነሰም፤ ምጽዋም ሆነ ወገራ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የቀነሰው ግፊቱ ነው። ስለዚህ የወገራ ሰው በአንድ እስትንፋስ ወደ ሳንባው የሚያስገባው ኦክስጅን ምጽዋ ላይ ከሚተነፍሰው ሰው በሲሶ ገደማ ያንሳል።

ከፍታው ብርድንም ይዞ ይመጣል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጎንደር ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ወገራ ሲደርስ ጋቢ የሚያምረው ለዚህ ነው። ልብ ይበሉ፣ ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ነው። ደገኛው እንግዲህ ብዙ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱን የሚሠራበት ኦክስጅን ግን ያጥረዋል። ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ የሚነካ አንድ ትንሽ ጋዝ አለ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ከአንድ የናይትሮጅንና ከአንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ የተሠራ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በሰውነታችን ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣውም፣ መብረቅ ሲበርቅ በሰማይ የሚፈጠረውም ያው ጋዝ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ሕመም ለማስታገስ ከሚጠቀሙበት የሳቅ ጋዝ ጋር ግን አያምታቱት፤ ያኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ሥራውም ጠባዩም ሌላ ነው።

ይህ ጋዝ በደም ሥሮቻችን ውስጥ እንደሚሠራ የታወቀው ገና በቅርብ ነው። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የተባሉት አሜሪካዊ የደም ሥር ውስጠኛው ሽፋን ሥሩን የሚያላላ አንድ ነገር እንደሚያመነጭ ደረሱበት፤ ምንነቱን ግን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። በ1987 የሆንዱራስ ተወላጁ ሳልቫዶር ሞንካዳና ባልደረቦቻቸው ለንደን አጠገብ በሚገኝ ላቦራቶሪ ያ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑን አሳዩ። «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት በ1992 የዓመቱ ሞለኪውል አለው። በ1998 የኖቤል ሽልማት ለፈርችጎት፣ ለሉዊስ ኢግናሮና ለፈሪድ ሙራድ ተሰጠ። ሞንካዳ አልተካተቱም። ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይከፈልምና ደንቡን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ከድሃ አገር ተነስተው ያንን ያህል የሠሩ ሰው መቅረታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዲናማይትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ ለልብ ሕመሙ ናይትሮግሊሰሪን ታዞለት ነበር። ዲናማይቱ የሚፈነዳበት ቅመም ማለት ነው። መድኃኒቱ የልብን ደም ሥር የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ እየሰጠ መሆኑን የደረሱበት ፈሪድ ሙራድ ናቸው፤ በ1977።

በስሜን ተራሮች፣ አምባራስ በተባለች መንደር፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎች ስለ ተራራ ኑሮ የነበረውን ዕውቀት እንዳስለወጡስ ያውቁ ኖሯል? ውጤቱ የታተመው በ2002 ነው። ጥናቱን የመሩት አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ሲንቲያ ቢል ሲሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምሃ ገብረመድኅን ከተመራማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓይነት ደገኛ ብቻ ነበር የሚታወቀው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ሄሞግሎቢናቸውን ያበዛሉ፤ በ4,000 ሜትር ገደማ የሚኖሩ የአይማራ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ 19.2 ግራም በዴሲሊትር ተለክቷል። በዚያው ከፍታ ያሉ የቲቤት ወንዶች ደግሞ 15.6 ብቻ ነው፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው።

አምባራስ ላይ የተገኘው ከሁለቱም አይገጥምም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆነ። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ ትቆነጠጥ የነበረችውን፣ ቀይ ብርሃን የምታበራውን ትንሽ መሣሪያ ያስታውሳሉ? እሷ የምትለካው ሄሞግሎቢን ምን ያህል ኦክስጅን እንደተሸከመ ነው። የአምባራስ ሰዎች አማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ከፍታው ሳይነገረው ቁጥሩን ብቻ ያየ ሐኪም የቆላ ሰው ደም ነው ቢል አይፈረድበትም።

ደማቸው ካልወፈረ ኦክስጅኑን እስከ ጣታቸው ጫፍ የሚያደርስላቸው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ትልቅ መልስ የሰጠ ጥናት በ2017 ታተመ። ሲንቲያ ቢልና አምሃ ገብረመድኅን አሁንም አሉበት፤ ከክሊቭላንድ ክሊኒክ ደግሞ የሳንባ ሐኪሟ ሰርፒል ኤርዙሩም። በ3,700 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን በ1,200 ሜትር ከሚኖሩ የአማራ ቆለኞች ጋር፣ በ4,000 ሜትር የሚኖሩ የኦሮሞ ደገኞችን ደግሞ በ1,700 ሜትር ከሚኖሩ ኦሮሞዎች ጋር አነጻጸሩ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ እሱን ራሱን ይዞ መቁጠር ያስቸግራል። ሥራውን ሲጨርስ ግን ናይትሬት ሆኖ በሽንት ይወጣል። ተመራማሪዎቹም የለኩት የሽንቱን ናይትሬት ነው፤ ከእሱ ጋር ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለውን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚያስነሳውን ሞለኪውል።

በአማራ ደገኞች ሽንት ሁለቱም ከቆለኞቹ በልጠው ተገኙ። ናይትሬቱ በጨመረ ቁጥር ሳይክሊክ ጂኤምፒውም ይጨምር ነበር። የደም ግፊታቸው የታችኛው ቁጥርም ዝቅ ያለ ነው፤ ደም ሥሩ ሰፍቶ ሲላላ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። በኦሮሞ ደገኞች ላይ ይህ ጭማሪ አልታየም፤ እነሱ በዋናነት የተደገፉት በሄሞግሎቢናቸው መጨመር ነው። በዘር ውርስ እጅግ የሚቀራረቡ፣ በአንድ አገር የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ፈተና ሁለት መፍትሔ አገኙ ማለት ነው። ሁለቱም ደጋ ላይ አርሰውና ልጅ አሳድገው ኖረዋልና አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ነገር የለበትም። እኔን ያስደነቀኝ የመፍትሔው መብዛት ነው።

ከቲቤትም ተመሳሳይ ነገር መጥቷል። በ2007 በታተመ ጥናት በ4,200 ሜትር የሚኖሩ ቲቤቶች በደማቸው ውስጥ ያለው የናይትሪክ ኦክሳይድ ውጤት ባሕር ወለል አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች ከ10 እጥፍ በላይ ነበር፤ በክንዳቸው የሚያልፈው ደምም እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። ስብ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ሆድና ዳሌ ላይ የሚከማቸው ነጩ ስብ ስንቅ ያስቀምጣል። ቡናማው ስብ ግን ስንቁን ያቃጥላል። ቀለሙን የሚያገኘው ከውስጡ ነው፤ ሕዋሶቹ ብረት ባለባቸው ሚቶኮንድሪያዎች የታጨቁ ናቸው፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ጥቅጥቅ ብለው ይከቡታል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በ1551 በአንድ የተራራ እንስሳ ትከሻዎች መካከል አይቶት ስብም ሥጋም ያልሆነ ነገር ሲል መዝግቦታል። ሙቀት እንደሚሠራ እስኪታወቅ ድረስ ከዚያ በኋላ 400 ዓመት ያህል አልፏል።

ሚቶኮንድሪያ በሌላው ሕዋስ ውስጥ ምግብን የሚያቃጥለው ኤቲፒ የተባለውን የሰውነት ኃይል ለማምረት ነው። የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ከሽፋኑ ውጭ ይጠራቀሙና በአንዲት በር ተመልሰው ሲገቡ ኤቲፒ ይሠራል። በቡናማው ስብ ግን ዩሲፒ-1 የተባለ ፕሮቲን ሌላ በር ይከፍታል። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ የተጠለፈው ውሃ መዘውሩን ሳይነካ በጎን ሲለቀቅ ኃይሉ ሁሉ ዱቄት ሳይሆን ያልቃል። እዚህ የሚያልቀው ኃይል ሙቀት ይሆናል። ሳንንቀጠቀጥ የምንሞቀው በዚህ ነው።

አዋቂ ሰው ቡናማ ስብ የለውም ተብሎ ለረጅም ጊዜ በሕክምና ትምህርት ቤት ይሰጥ እንደነበርስ? በሚያዝያ 2009 አንድ የሕክምና መጽሔት በአንድ እትም ሦስት ጥናቶች አወጣ፤ ከቦስተን፣ ከሆላንዷ ማስትሪክትና ከፊንላንዷ ቱርኩ። ሦስቱም በአንገት ሥር፣ ከአንገት አጥንት (ክላቪክል) በላይና በአከርካሪ ዙሪያ የሚሠራ ቡናማ ስብ በአዋቂዎች ላይ አሳዩ። ያየው መሣሪያ ካንሰር ለመፈለግ የሚያገለግል ነው፤ ስኳር የሚያቃጥል ሕዋስ ሁሉ ስለሚያበራበት ቡናማው ስብም አበራ። ፊንላንዶች ቀደም ብለው በ1981፣ ውጭ ብርድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አስከሬን ውስጥ ቤት ውስጥ ከሚሠሩት የበለጠ ቡናማ ስብ አግኝተው ነበር። በ2021 ደግሞ ከ52,000 በላይ ሕሙማን ምስል ተመርምሮ ቡናማ ስብ የታየባቸው ከ10 ሰው አንዱ ያህል ሆኑ፤ ከእነሱ መካከል ዓይነት 2 ስኳር በሽታ ያለባቸው 4.6 በመቶ፣ ካልታየባቸው መካከል 9.5 በመቶ ነበሩ።

ናይትሪክ ኦክሳይድ በዚህ ስብ ውስጥ ምን ይሠራል? ዋናው ጉዳያችን ይህ ነውና ጥቂት ረጋ ብለን እንየው።

ብርድ ቆዳን ሲነካ አንጎል በነርቭ በኩል ኖርአድሬናሊን ወደ ቡናማው ስብ ይልካል። ስቡ ይሰበራል፤ ዩሲፒ-1 በሩን ይከፍታል፤ ማቃጠሉ ይጀመራል። የሚቃጠል ነገር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅን የሚመጣው በደም ነው። ብርድ በለመዱ አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት ይህ ትንሽ ስብ በሥራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ልብ ከምትረጨው ደም ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ ለብቻው ይወስዳል። ያንን ሁሉ ደም የሚያስገባው የሥሩ መስፋት ነው፤ ሥሩን የሚያሰፋውም ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም በመድኃኒት ሲታገድ ወደ ቡናማው ስብ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። አይጦች ብርድ ላይ ሲቆዩ ደግሞ ኢንዛይሙ በቡናማው ስባቸው ውስጥ ይበዛል። የተሠራውን ሙቀት ይዞ ወደ ሌላው አካል የሚያደርሰውም ይኸው ደም ነው።

ሁለተኛው ሥራው የበለጠ ይደንቃል። በ2003 ከሚላኖ ኤንዞ ኒሶሊና ሚኬሌ ካሩባ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለቡናማ ስብ ሕዋሶች ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲሰጡ አዲስ ሚቶኮንድሪያ እንደሚፈጠር አሳዩ። መንገዱ ይታወቃል፦ ጋዙ ሳይክሊክ ጂኤምፒን ያስነሳል፤ እሱም ፒጂሲ-1 አልፋ የተባለውን፣ ሚቶኮንድሪያ እንዲባዛ የሚያዝዘውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። በደም ሥር ውስጥ ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም ሳይኖራቸው የተወለዱ አይጦች በቡናማ ስባቸው፣ በልባቸውና በአንጎላቸው ያለው ሚቶኮንድሪያ አነስተኛ ነው። እንደ ጓደኞቻቸው እየበሉ የሚያቃጥሉት ያንሳል፤ ይወፍራሉም። በ2009 የጀርመን ቦን ተመራማሪዎች ደግሞ ከሳይክሊክ ጂኤምፒ ቀጥሎ የሚሠራው ኢንዛይም ከሌለ ቡናማው ስብ በወጉ እንደማያድግ አሳዩ።

ሲበዛስ? ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኦክስጅን የሚያርፍበት የመጨረሻው ኢንዛይም አለ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ እዚያው ቦታ ላይ ከኦክስጅን ጋር ይሻማል። ትንሽ ሲሆን ማቃጠሉን በልክ ያደርገዋል። በውፍረትና በብግነት ጊዜ በሌላ ኢንዛይም በገፍ ሲመረት ግን ስቡን ይጎዳል።

ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚለውን ስም ከፍ ብለን በአማራ ደገኞች ሽንት አግኝተነው ነበር። የ2017ቱ ጥናት የመረመረው የደም ሥርን እንጂ ቡናማ ስብን አይደለም፤ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያነበው እኔ ነኝ። ነገር ግን ደም ሥርን በማላላት ደገኛውን የሚረዳው መንገድና የቡናማውን ስብ ሚቶኮንድሪያ የሚያበዛው መንገድ አንድ መሆኑ በላቦራቶሪ የታየ ነው። ብርዱም የኦክስጅን እጥረቱም በአንድ ላይ ባሉበት በወገራ፣ በዳባትና በስሜን ሰው ላይ ቡናማ ስብ ቢጠና ዓለም የሚማረው ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ሕዝቡን ለዓመታት ሲከታተል የኖረ የጥናት ጣቢያ አለው፤ ሥራው ከእኛ ሰዎች እጅ ቢወጣ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል።

ቡናማ ስብ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ገና የተወለደ ሕፃን። ሕፃኑ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ለክብደቱ የቆዳው ስፋት ብዙ ነው፤ እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ መሞቅም አይችልም። ያለው መከላከያ በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ይዞት የሚወለደው ቡናማ ስብ ነው፤ ከክብደቱ እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። የሚጠራቀመው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ስለሆነ ያለ ጊዜው የተወለደው ልጅ ስንቁ አልሞላም። ቡናማው ስብ ሲሠራ ኦክስጅንና ስኳር ይበላል፤ ስለዚህ ብርድ ላይ የቆየ ሕፃን ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የደሙ ስኳርም ይወርድበታል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ እዚህም ሥራ አለው። ሕፃኑ የመጀመሪያውን እስትንፋስ ሲስብ የሳንባውን ደም ሥሮች ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱ ነው። ሥሮቹ አልከፈት ላሏቸው ሕፃናት በትንፋሽ የሚሰጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ በአሜሪካ በመድኃኒትነት የተፈቀደው በ1999 ነው።

እንግዲህ ደጋ ላይ የሚወለደውን ልጅ ያስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሕፃኑ እንደወጣ ወዲያው ይደርቅ። እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ገጥሞ ከላይ ይሸፈን፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት። ገላ መታጠቡ ለ24 ሰዓት ይቆይ። አዋላጇ ዘመድ ሕፃኑን ቶሎ ማጠብ እንደ ንጽሕና ብታየውም፣ ለብ ያለው ውሃ ከቆዳው ላይ ሲተንን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ከሌለ እጅ ይበቃል፦ በመዳፍዎ ጀርባ መጀመሪያ የሕፃኑን እግር፣ ከዚያ ሆዱን ይንኩ። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ልጁ ቡናማ ስቡን እየበላ ነው፤ ይታቀፍ፣ ይጥባ። ሆዱም ከቀዘቀዘ ቆዳ ለቆዳ እንደታቀፈ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጤናማው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ደረት ላይ አቅፎ ማሳደግ በሐኪም ቤት የተጀመረው በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ነው። ማሞቂያው መሣሪያ ለሁሉም አልደረሰምና።

ግልገልም ቡናማ ስብ ይዞ እንደሚወለድ፣ ውርንጭላ ግን እንደማይኖረው ያውቁ ኖሯል? በተወለደ በቀናት ውስጥ የሞተ ግልገል ሆዱ ቢከፈት ኩላሊቱን የከበበው ስብ ቀላ ያለ ቡናማና ለስላሳ ነው። የትልቅ በግ የኩላሊት ሞራ ደግሞ ነጭና ጠጣር መሆኑን ሥጋ ያወራረደ ሁሉ ያውቃል። ቦታው አንድ ነው፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ቡናማው ወደ ነጭ ይለወጣል። በውርጭ ሌሊት የተወለደ ግልገል እናቱ ቶሎ እንድትልሰውና እንገሩን ቶሎ እንዲጠባ የወገራ እረኛ የሚጣደፈው እውነት አለው፤ ቡናማው ስብ ያለ ነዳጅ ብዙ አይዘልቅም። ፈረስና አህያ ግን የዩሲፒ-1 ጂናቸው ከረጅም ዘመን በፊት የተበላሸ ነው። የውርንጭላው ሙቀት ከመንቀጥቀጥና ከመንቀሳቀስ ነው የሚመጣው።

አሳማም ይህን ጂን አጥቷል፤ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ዝሆንም የለውም።

ስለ እንቅርትስ? ቡናማ ስብ ዩሲፒ-1 ለመሥራት የታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልገዋል፤ ሆርሞኑን ወደሚሠራው ዓይነት የሚለውጥ የራሱ ኢንዛይምም አለው። በ2012 በታተመ ጥናት የአማራ ደገኞች የዘር ውርስ ሲመረመር በከፍታ ኑሮ ምክንያት የተመረጡ ሳይሆኑ አይቀርም ከተባሉት ጂኖች አንዱ ይህንን ሆርሞን የሚቀበለው ነው። ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ነው። የደጋ አፈር አዮዲኑን ዝናብና ጎርፍ አጥቦ ይወስድበታል፤ እንቅርትም የሚመጣው አዮዲን ሲያጥር ነው። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2011 ወጥቷል። ጨዉን በተከደነ ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑን ያተርፋል።

በጾም በያይነቱ ላይ የሚቀርበው ቀይ ሥር ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚለወጥ ያውቁ ኖሯል? ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ቆስጣ ናይትሬት የበዛባቸው አትክልቶች ናቸው። ናይትሬቱ ወደ ደም ከገባ በኋላ ምራቅ ዕጢዎች ሩብ ያህሉን ወደ አፍ ይመልሱታል፤ በምላስ ጀርባ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሲዋጥ በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ይህ ለውጥ ይበረታል። በ2015 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ናይትሬት የተሰጣቸው አይጦች ነጭ ስብ የቡናማውን ጠባይ መያዝ እንደሚጀምር በዚሁ መንገድ አሳይተዋል። ጀርም የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ የሚያዘወትር ሰው የምላሱን ባክቴሪያ ስለሚያጠፋ ናይትራይቱ ይቀንስና የደም ግፊቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ናይትሬት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን መሸከም ስለሚያቅተው ልጁ ሰማያዊ እስኪመስል ይጠቁራል። ከስድስት ወር በታች የእናት ጡት ብቻ መስጠት ከዚህም ይጠብቃል።

ሲልደናፊል፣ በተለምዶ ቪያግራ የሚባለው፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ እንዳይፈርስ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በ2013 ቦን ላይ በአይጦች ነጭ ስብ ውስጥ ቡናማ ዓይነት ሕዋሶች እንዲወጡ አድርጓል። ለማቅጠኛ ብሎ የሚውጠው ሰው እንዳይኖር አደራ፤ ከልብ መድኃኒቱ ናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተገናኘ ግፊትን አውርዶ ይገድላል።

ዲኒትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል ደግሞ የዩሲፒ-1ን ሥራ በመላው ሰውነት ላይ ያደርጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ሠራተኞችን አከሳ፣ ገደለም። ከ1933 ጀምሮ በአሜሪካ ለማቅጠኛ ተሸጠ፤ ሰው በገዛ ሙቀቱ እየሞተ በ1938 ታገደ። ዛሬም በስውር የሚሸጡት አሉ።

ብርድ ሲጠና ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት የብዙ ቤተሰብ ሐዘን ሆኗል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ አይሸትም፣ አይታይም። ደጋ ላይ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ አንሷልና ጉዳቱ ይፈጥናል። ከሰሉ ከደጅ ይደር።

በመጨረሻ ከጃፓን። በ2013 የሳፖሮ ተመራማሪዎች ቡናማ ስባቸው ያነሰ ወጣቶችን በየቀኑ ለሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት፣ ቀለል ያለ ልብስ አልብሰው በ17 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። ቡናማው ስብ ነቃ፤ የሰውነታቸው ስብም ቀነሰ። የወገራ ገበሬ በታኅሣሥ ማለዳ ወደ ገብስ አውድማው ሲወጣ የሚያገኘው አየር ከዚያ ክፍል በብዙ ይቀዘቅዛል።